የአሜሪካን ፖል በየቀኑ በአማካይ መከታተል፦ ከሰንጠረዡ መክፈቻ እስከ ምርጫው ማግስት

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ የሐበሻ ዋትስአፕ ግሩፕ ሁሉ የፖል (ናሙና ሰዎችን ጠይቆ የሕዝብን አስተያየት የመለካት) ሜዳ ይሆናል። ጠዋት አንዱ "ሴትዮዋ በ4 ትመራለች" የሚል ስክሪንሾት ይለጥፋል። ከሰዓት ሌላው "ሰውዬው በ2 ቀደመ" ይላል። ማታ ላይ ክርክሩ "ፖል ድሮም ውሸት ነው" በሚል ይዘጋል። የሚገርመው ሁለቱም ፖሎች በአግባቡ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሺህ ሰው ጠይቀው እንዲህ የተራራቀ ውጤት ማግኘት ያለ ነገር ነው።

በአንድ ፖል መጨቃጨቅ አድካሚ ነው። የሚያዋጣው ፖሎቹን ሰብስቦ አማካያቸውን በየቀኑ ማየት ነው። የሚያስፈልገው ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል፣ በቀን አሥር ደቂቃ ገደማ። ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልግም፤ መደመርና ማካፈል ይበቃል። እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ጥያቄ እንደምትከታተሉ ወስኑ

"ሕዝቡ ምን ይላል?" ብሎ ነገር የለም። ፖሎች የሚጠይቁት የተወሰነ ጥያቄ ነው። ሦስቱ የተለመዱ ናቸው። አንደኛው "ምርጫው ዛሬ ቢሆን ከእነዚህ ዕጩዎች ማንን ትመርጣለህ?" የሚለው ነው። ሁለተኛው "ፕሬዚዳንቱ ሥራውን በሚሠራበት መንገድ ትስማማለህ?" ይላል። ሦስተኛው ለኮንግረስ ምርጫ የሚጠየቅ ነው፤ የዕጩ ስም ሳይጠራ "ዲሞክራት ወይስ ሪፐብሊካን?" ይላል። ለእያንዳንዱ የየራሱ ገጽ ክፈቱ። አንዱን ከሌላው ጋር ደባልቃችሁ አማካይ ካወጣችሁ ምንም የማይለካ ቁጥር ነው የሚኖራችሁ።

ዕጩ ሲቀየር ደግሞ ገጹ ይዘጋል። ባይደን ጁላይ 21 ቀን 2024 ከፉክክሩ ሲወጡ፣ ባይደንን ከትራምፕ ጋር ያነጻጸሩ ፖሎች በሙሉ በአንድ ቀን ታሪክ ሆኑ። የሃሪስ አማካይ ከዜሮ ነው የተጀመረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመላ አገሪቱ አማካይ ፕሬዚዳንት አይመርጥም። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 በመላ አገሪቱ በ2.1 ነጥብ በልጠው ተሸንፈዋል። ወሳኙ በየስቴቱ የሚሰበሰበው 270 የኤሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ለየስቴቱ የተመደበው የመራጭ ወኪሎች ድምፅ፣ ነው። ስለዚህ "ማን ያሸንፋል?" የሚለው ካሳሰባችሁ የወሳኞቹን ስቴቶች ፖል ተከታተሉ። በ2024 እነሱ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞና እና ኔቫዳ ነበሩ። "የሕዝቡ ስሜት ወዴት እየሄደ ነው?" ለሚለው ግን የመላ አገሪቱ ቁጥር ይሻላል፤ ፖሎቹም ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሁለት ዝግጁ አማካይ ምረጡ

የራሳችሁን ሰንጠረዥ ብትሠሩም ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። ሪል ክሊር ፖለቲክስ ከ2000 ጀምሮ አለ፤ አሠራሩ ቀላል ነው። የቅርብ ጊዜ ፖሎችን ይደምራል፣ በብዛታቸው ያካፍላል። ለየትኛውም ፖል የተለየ ክብደት አይሰጥም። በኔት ሲልቨር በ2008 የተመሠረተው ፋይቭ ሰርቲ ኤይት ግን ክብደት ይሰጥ ነበር፤ ድርጅቱ በማርች 2025 ተዘግቷል። ያንን መንገድ ዛሬ የሲልቨር የራሱ ጋዜጣ ሲልቨር ቡለቲን እና ኒውዮርክ ታይምስ፣ በየራሳቸው ስሌት፣ ይዘውታል።

ከቀላሉ አንድ፣ ከባለ ክብደቱ አንድ ያዙ። በመካከላቸው የ1 ወይም የ2 ነጥብ ልዩነት ብታዩ ሴራ አትፈልጉ። የትኛውን ፖል እንደሚያስገቡ ስለሚለያዩ ነው። ለምሳሌ ራስሙሰን የተባለውን ፖል ሠሪ ድርጅት ፋይቭ ሰርቲ ኤይት በማርች 2024 ከዝርዝሩ አውጥቶታል፤ ሪል ክሊር ግን አላወጣውም።

ደረጃ 3፦ ሰንጠረዡን ክፈቱ

ለእያንዳንዱ ፖል አንድ መስመር። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ፖሉን የሠራው ድርጅት
- ጥያቄው የተጠየቀባቸው ቀኖች
- የተጠያቂዎች ብዛት
- ማን እንደተጠየቀ
- ማን እንደከፈለ
- ለእያንዳንዱ ወገን የተገኘው በመቶ
- ልዩነቱ

ቀኑን ስትሞሉ ዜናው የወጣበትን እንዳትጽፉ። አንዳንድ ፖል ተጠይቆ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ነው የሚወጣው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተጠየቀ ከሆነ መካከለኛውን፣ ረቡዕን፣ ጻፉ።

"ማን ተጠየቀ" የሚለው ዓምድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤት ይገለብጣል። ሦስት ዓይነት አለ፦ አዋቂዎች ሁሉ፣ የተመዘገቡ መራጮች፣ እና በርግጥ ሄደው ይመርጣሉ ተብለው የሚገመቱ። የመጨረሻው ግምት ነው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ወንፊት አለው። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ የፎክስ ኒውስ የመጨረሻ ፖል በተመዘገቡት መራጮች ዘንድ ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን 48፣ ዲሞክራቱን ማኮሊፍን 47 አደረገ። ይመርጣሉ ተብለው በተገመቱት ዘንድ ግን ያው ፖል 53 ለ45 አለ። አንድ ድርጅት፣ አንድ መጠይቅ፣ የ1 ነጥብና የ8 ነጥብ ብልጫ።

ከፋዩንም አትዝለሉ። የአንድ ፓርቲ ዘመቻ ያሠራውና "ለጋዜጠኞች ሾልኮ የወጣ" ፖል ሁልጊዜ ለከፋዩ የሚመች ነው። ባይመች ኖሮ አይሾልክም ነበር። ወይ ከሰንጠረዡ አስወጡት፣ ወይ በሌላ ቀለም ለዩት።

የተጠያቂው ብዛት አያማላችሁ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ፖስትካርድ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ፤ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ያሸንፋሉ አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ስቴቶች 46ቱን ወሰዱ። ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ባነሰ ናሙና ትክክለኛውን አሸናፊ ተናግሮ ነበር። የመጽሔቱ አድራሻዎች የመጡት ከራሱ ደንበኞች፣ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ደረጃ 4፦ አማካዩን አውጡ፣ ወጣ ያለውንም ፖል አትጣሉ

ከአንድ ድርጅት የመጨረሻውን ፖል ብቻ አስገቡ። በየሳምንቱ የሚያወጣ ድርጅት አራት ጊዜ ከገባ አማካዩ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ የልዩነት ዓምዱን በአቨሬጅ ፎርሙላ አስሉት።

ቨርጂኒያን እንውሰድ። ከምርጫው በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ከወጡት ፖሎች አራቱ እነዚህ ናቸው። ዋሽንግተን ፖስት ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር፦ ማኮሊፍ በ1። ክሪስቶፈር ኒውፖርት ዩኒቨርሲቲ፦ ማኮሊፍ በ1። ሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ፦ እኩል። ፎክስ፦ ያንግኪን በ8። ለያንግኪን ስንቆጥር -1፣ -1፣ 0 እና 8 ነው። ድምሩ 6፣ ለ4 ሲካፈል ያንግኪን በ1.5። የኖቬምበር 2 ውጤት ያንግኪን በ1.9 ገደማ ሆነ።

አሁን "የፎክሱ ቅጥ ያጣ ነው" ብላችሁ ብትጥሉት ኖሮ? ቀሪው አማካይ ማኮሊፍ በ0.7 ይላል። አሸናፊው ተገለበጠ። የፎክስ ፖል ራሱ በ6 ነጥብ ገደማ ስቷል፤ ግን ሌሎቹ ያላዩትን ነገር ይዞ ነበር።

ይህ ማለት አፈንጋጭ ፖል ነቢይ ነው ማለት አይደለም። በ2024 ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለዓመታት በትክክለኛነቱ የተመሰገነው የአዮዋው ጋዜጣ የዲ ሞይን ሬጅስተር ፖል በስቴቱ ሃሪስን በ3 አስቀደመ። ትራምፕ አዮዋን በ13 ነጥብ አሸነፉ። የትኛው አፈንጋጭ እውነት እንደያዘ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም ይግባ፣ ሁሉም እኩል ይደመር። ይልቅ የሚያጠራጥረው አፈንጋጭ ሲጠፋ ነው። በ2024 መጨረሻ በወሳኞቹ ስቴቶች ፖሎች ሁሉ "እኩል፣ በ1፣ እኩል" ይሉ ነበር። ከአንድ ሺህ ያነሰ ሰው እየተጠየቀ ቁጥሩ እንዲህ መግጠም የለበትም። ድርጅቶቹ ብቻቸውን መሳሳት ፈርተው ተጠጋግተዋል የሚል ትችት የመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ከፈለጋችሁ ክብደት ስጡ

ይህ ደረጃ ግዴታ አይደለም። ግን አዲስ ፖል ከአሮጌው የበለጠ ሊሰማ ይገባል። ቀላሉ ዘዴ በሁለት ሳምንት ክብደቱን በግማሽ መቀነስ ነው፦ የዛሬው 1፣ የሳምንት ዕድሜ ያለው 0.7፣ የሁለት ሳምንቱ 0.5።

ለሙከራ ያህል የዛሬው ፖል 4፣ የሳምንቱ 1፣ የሁለት ሳምንቱ -2 ይላል እንበል። በቀላል አማካይ 1 ይመጣል። በክብደት ስንሠራ 4 ሲደመር 0.7 ሲቀነስ 1፣ 3.7 ነው። የክብደቶቹ ድምር 2.2 ስለሆነ ውጤቱ 1.7 ገደማ ይሆናል።

ለተጠያቂ ብዛትም ክብደት መስጠት ያማራችሁ እንደሆነ በካሬ ሩት ስጡ። አራት ሺህ ሰው የጠየቀ ፖል አንድ ሺህ ከጠየቀው ሁለት እጥፍ ይመዝናል፤ አራት እጥፍ አይደለም።

ክብደት ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ ለማየት 2016ን ማስታወስ ይበቃል። የሎስ አንጀለስ ታይምስና የዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ የዕለት ፖል ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ያው ሰዎችን እየደጋገመ ይጠይቅ ነበር። ከነሱ መካከል የኢሊኖይ ነዋሪ የሆነ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት አለ፤ የትራምፕ ደጋፊ። እንደሱ ያሉ ወጣቶች በናሙናው ጥቂት ስለነበሩ፣ ናሙናውን ከሕዝቡ ስብጥር ጋር የሚያመሳስለው ማስተካከያ የሱን መልስ ከአማካይ ተጠያቂ እስከ 30 እጥፍ አከበደው። እሱ ሲመልስና ሳይመልስ የመላ አገሪቱ ቁጥር ይወዛወዝ ነበር። በራሳችሁ ሰንጠረዥ ግራ ከተጋባችሁ ወደ ቀላሉ አማካይ ተመለሱ። ብዙም አይጎዳችሁም።

ደረጃ 6፦ የየድርጅቱን ዘንበል እወቁ

አንዳንድ ድርጅት ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ከሌሎቹ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል። ራስሙሰን ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ብዙ ጊዜ ከአማካዩ በላይ ነው። ይህ የግድ ተንኮል አይደለም። አንዱ በስልክ ይጠይቃል፣ ሌላው በኢንተርኔት፤ አንዱ አዋቂ ሁሉ፣ ሌላው መራጭ ብቻ።

ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛን ትክክለኛውን ክብደት አይነግራችሁም፤ መክሳትና መወፈራችሁን ግን ይነግራችኋል። ፖሉም እንደዚያው ነው። የአንዱን ድርጅት የመጨረሻ አምስት ፖሎች ከየጊዜው አማካይ ጋር አነጻጽሩ። ዘወትር በ3 ከፍ የሚል ከሆነ፣ "5" ሲል በልባችሁ "2" ብላችሁ አንብቡት። ከምንም በላይ ደግሞ ያንኑ ድርጅት ካለፈው የራሱ ፖል ጋር አስተያዩ። የዋትስአፑ ጠብ ግማሹ የሚመጣው የአንዱን ድርጅት የትናንት ቁጥር ከሌላው ድርጅት የዛሬ ቁጥር ጋር አጋጥሞ "ወረደ!" ከማለት ነው።

ደረጃ 7፦ አማካዩ ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ መንቀሳቀሱን አጣሩ

በየቀኑ መከታተል ያለው ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። አማካዩ የሚነቃነቀው አንዳንዴ አንድ አሮጌ ፖል አማካዩ ከሚይዛቸው የቅርብ ቀኖች ገደብ ስለወጣ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱን ከሚደግፉት የማይደግፉትን ቀንሰን -10፣ -12፣ -11 እና -2 አለን እንበል። አማካዩ -8.75 ነው። ነገ -2 ያለው ፖል አርጅቶ ወጣ። አማካዩ -11 ሆነ። ዩቲዩበሩ "ፕሬዚዳንቱ በአንድ ቀን ከ2 ነጥብ በላይ ወደቁ" ይላል። አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም፤ አዲስ ፖልም አልገባም።

ስለዚህ ቁጥሩ ሲዘል መጀመሪያ ሁለት ነገር እዩ፦ ዛሬ ምን ገባ? ዛሬ ምን ወጣ? ከዚያ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ካለፈው የራሳቸው ፖል አንጻር ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደው እንደሆነ አጣሩ። ሦስቱም ከወረዱ እውነት የሆነ ነገር አለ።

ትልቅ ክስተት ሲኖርም ታገሡ። ሰው ተጠይቆ፣ ውጤቱ ተሠርቶ፣ አሮጌው ከአማካዩ እስኪወጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ካቡል በኦገስት 15 ቀን 2021 ወደቀች። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ባይደንን የማይደግፉት ከሚደግፉት በልጠው ነበር። ያኔ ብዙዎች ምክንያቱን አፍጋኒስታን ብቻ አደረጉት። ግን በዚያው ሰሞን ኮቪድ በዴልታ ዝርያ አገርሽቶ ነበር፣ ዋጋም እየናረ ነበር። አማካይ መቼና በስንት እንደሆነ ይናገራል። ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ድንገተኛ ዝላይ የለም ማለቴ አይደለም። በጋለፕ ፖል የጆርጅ ቡሽ ድጋፍ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊት 51 በመቶ ነበር፤ በዚያው ወር 90 ደረሰ። እንዲህ ያለው ሲመጣ ግን መጠራጠር አያስፈልግም፤ ሁሉም ፖል በአንድ ድምፅ ይጮኻል።

ደረጃ 8፦ የስህተቱን ስፋት አስፉት

ከፖሉ ግርጌ "ሲደመር ሲቀነስ 3" የሚል አለ። አንድ ሺህ ለሚጠጋ ተጠያቂ ነው። ያ ግን ለአንድ ዕጩ ቁጥር ነው። ለብልጫው እጥፍ አድርጉት። 48 ለ45 የሚል ፖል 3 ነጥብ ብልጫ አለው፤ እውነተኛው ብልጫ ከ9 እስከ -3 ሊሆን ይችላል። "በ3 ይመራል" ብሎ ከመጮህ በፊት ይህን ማሰብ ነው።

አማካይ ይህን የዕጣ ስህተት፣ ማለትም በአጋጣሚ ማን እንደተጠየቀ የሚያመጣውን፣ ይቀንሳል። የማይቀንሰው ሁሉም ድርጅት አብሮ የሚስተውን ነው። የሪል ክሊርን የመጨረሻ የመላ አገር አማካይ ተመልከቱ። 2012፦ ኦባማ በ0.7፣ ውጤቱ ኦባማ በ3.9። 2016፦ ክሊንተን በ3.2፣ ውጤቱ 2.1። 2020፦ ባይደን በ7.2፣ ውጤቱ 4.5። 2024፦ ሃሪስ በ0.1፣ ውጤቱ ትራምፕ በ1.5። በስቴት ደረጃ የባሰ አለ፤ በ2016 ዊስኮንሲን ላይ አማካዩ ክሊንተንን በ6.5 ሲያስቀድም ትራምፕ ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ብዙ የስቴት ፖሎች በትምህርት ደረጃ አለማስተካከላቸው ነበር። ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ለፖል በቀላሉ ይመልሳል፤ ስለዚህ በናሙናው ይበዛል።

ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው ለትራምፕ 3 ልጨምር" የሚል አለ። አይሠራም። በ2012 የተሳሳተው ወደ ሌላው ወገን ነው። በ2022 የኮንግረስ ምርጫም ብዙዎች የሪፐብሊካን ማዕበል ሲጠብቁ ማዕበሉ አልመጣም። ለመላ አገሪቱ በሁለቱም በኩል 3 ወይም 4 ነጥብ፣ ለስቴት ደግሞ 6 ወይም 7 ነጥብ ክፍት ተዉ። መሪው ከዚያ ውስጥ ካልወጣ፣ ንባባችሁ "አይታወቅም" ነው።

ደረጃ 9፦ "ሐበሻው ማንን መረጠ?" ለሚለው ፖል አትፈልጉ

በፖሎች ውስጥ በዘር፣ በዕድሜ፣ በጾታ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ አለ። አንድ ሺህ ሰው በተጠየቀበት ፖል ጥቁር መራጮች መቶ ወይም ትንሽ በለጥ ያሉ ናቸው። ለመቶ ሰው የስህተቱ ስፋት ወደ 10 ነጥብ ይጠጋል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚያ መቶ ውስጥ ቢኖሩ እንኳ ተለይተው አይቆጠሩም።

በ2021 በቨርጂኒያ የኢትዮ-አሜሪካውያን ቡድኖች ለያንግኪን ቀስቅሰዋል፤ የባይደን አስተዳደር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ የያዘውን አቋም በመቃወም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ባይደን ለኮንግረስ ያሳወቁት ራሱ በምርጫው ዕለት ነበር። ያንግኪን በ64 ሺህ ገደማ ድምፅ ሲያሸንፉ "እኛ ነን ያስመረጥነው" የሚል ተሰማ። ማስረጃ ሊሆን የሚችል ፖል ግን የለም፤ ማስተባበያም እንዲሁ። ትንሽ ሊጠቁም የሚችለው ብዙ ሐበሻ ያለባቸው የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ምርጫ ጣቢያዎች ውጤት ነው። እሱም የሰፈሩን እንጂ የአንዱን ወገን ድምፅ ለይቶ አያሳይም።

ደረጃ 10፦ በዋዜማው ቆልፉት፣ በማግስቱ አትክፈቱት

ከምርጫው በፊት ባለው ማታ ሰንጠረዡን ቅጂ አድርጋችሁ ቆልፉ። አማካዩን፣ ከላይና ከታች የተዋችሁትን ስፋት ጻፉ። በኋላ "እኔ ብዬ ነበር" ለማለትም ላለማለትም ይጠቅማል።

ማግስቱን ግን ለማነጻጸር አትቸኩሉ። ካሊፎርኒያ ድምፅ ቆጥራ የምትጨርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2024 በምርጫው ማግስት የትራምፕ የመላ አገር ብልጫ ከ3 ነጥብ በላይ ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ 1.5 ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ፖሎቹን የፈረደ ሰው ስህተታቸውን በእጥፍ አሳድጎታል።

ውጤቱ ሲጸድቅ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ እያንዳንዱ ድርጅት በስንት ነጥብ፣ ወደየትኛው ወገን ሳተ። የአንድ ምርጫ ስህተት ተይዞ ድርጅቱ አይሰረዝም፤ በ2021 የኒውጀርሲን ገዥ ምርጫ በ8 ነጥብ ገደማ የሳተው ሞንማውዝ በዚያው ቀን ቨርጂኒያ ላይ ከ2 ነጥብ አልራቀም። ዓምዱን ያዙት። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ የደረጃ 6 ሥራችሁ ግማሹ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።